ድንብላልን ለቅጠሉ ብሎ ቤት ውስጥ በአምፖል ማሳደግ፦ ባሕር ዳር ላይ የሚሠራው እንዴት ነው?

#1 ቅጠል በየወሩ

ድንብላል እኛ ጋ የሚዘራው ለፍሬው ነው። ፍሬው በርበሬና ሽሮ ውስጥ ይገባል፤ ቅጠሉን ግን ገበያ ይዞ የሚወጣ ጥቂት ነው፤ ጠይቆ ፐርሰሜሎ የሚሰጠው ሰውም ብዙ ነው። ሁለቱ ለዓይን ይመሳሰላሉ፣ ለአፍንጫ ግን አይገናኙም። ቅጠሉን ዓመቱን ሙሉ ለማግኘት አስተማማኙ መንገድ ቤት ውስጥ መዝራት ነው። አሠራሩን በዝርዝር አስቀምጣለሁ፣ የጎደለውን ሙሉበት።

መጀመሪያ መስኮት ብቻውን ለምን እንደማይበቃ። ከተማችን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11 ዲግሪ ተኩል ግድም ላይ ስላለች ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ቀትር ላይ ፀሐይ የምታልፈው በሰሜን በኩል ነው። በጥር ፀሐይ የሚሞላው የደቡብ መስኮት በእነዚህ ወራት ቀጥተኛ ፀሐይ አያይም። የሰሜኑ መስኮት ቢያይም ከሰኔ ጀምሮ ደመናው ይሸፍነዋል። ውጭ በረንዳ ላይ ከተቀመጠ ደግሞ የክረምቱ ዝናብ ለስላሳውን ግንድ ይደፋዋል፣ የመጋቢትና የሚያዝያ ሙቀት ደግሞ ቅጠል ሳይሰጥ ወደ አበባ ይነዳዋል።

ዕቃው። ባለ 20 ሊትር ጄሪካን ጋደም አድርጎ የላይኛውን ጎን ቆርጦ ማውጣት ጥሩ መዝሪያ ይሆናል። የምግብ ዘይት ወይም ውሃ የተያዘበት ይሁን፤ ነዳጅ ወይም የእርሻ መድኃኒት የነበረበት ፈጽሞ አይሁን። አፉ 35 በ25 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ይሆናል፣ አፈሩ ደግሞ 18 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ይኑረው። ድንብላል ወደ ታች የሚወርድ አንድ ዋና ሥር አለው፤ ሥሩ ቶሎ ወለል ከነካ ተክሉ ይጨነቅና ያብባል። በዚሁ ምክንያት ችግኝ አፍልቶ ማዛወር አይመከርም፤ የሚያድግበት ዕቃ ውስጥ በቀጥታ ይዘራ። ከታች የእርሳስ ውፍረት ያላቸው ከ8 እስከ 10 ቀዳዳዎች ያስፈልጋሉ።

ዘሩ። ክብ ሆኖ የምናየው በእውነቱ ፍሬ ነው፣ ውስጡ ሁለት ዘር አለ። ለብ ባለ ውሃ 12 ሰዓት ይዘፈዘፍ፣ መሀል ላይ ውሃው አንድ ጊዜ ይቀየር፣ ከዚያ ተጠልሎ ይዘራ። ጥልቀቱ ከ1 እስከ 1.5 ሴንቲ ሜትር፣ በፍሬና በፍሬ መካከል 5 ሴንቲ ሜትር። ለአንድ ጄሪካን ከ30 እስከ 35 ፍሬ ይበቃል። ከ18 እስከ 22 ዲግሪ ባለ ክፍል ከ7 እስከ 14 ቀን ውስጥ ይበቅላል። ብርድ ባለበት እስከ 20 ቀን ሊቆይ ስለሚችል በ10ኛው ቀን አፈሩን እየቆፈሩ ማየት ጉዳት ብቻ ነው። ከ27 ዲግሪ በላይ በሆነ ክፍል ግን የሚበቅለው በጣም ይቀንሳል። መጋቢት ላይ ጣሪያው ቆርቆሮ ብቻ በሆነ ቤት የምትዘሩ እስኪበቅል ድረስ ዕቃውን ሲሚንቶ ወለል ላይ ጥላ ቦታ አኑሩት።

መብራቱ። ለዚህ አንድ ጄሪካን ሁለት ባለ 12 ዋት ኤልኢዲ አምፖል፣ ነጭ (6500 ኬልቪን ወይም 4000 ኬልቪን)፣ ከቅጠሉ ጫፍ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ። ሰዓቱ ከጠዋቱ 12፡30 እስከ ምሽቱ 1፡30፣ ማለትም 13 ሰዓት። አምፖሉ የሚበራው ቡቃያው ብቅ ባለበት ቀን ነው፤ ከዚያ በፊት የሚያየው ዘር የለም።

#2 የጣና ነፋስ

ቅጠል በየወሩ እናመሰግናለን። አንድ ጥያቄ። በበቀለ በ5ኛው ቀን ክር መስሎ 8 ሴንቲ ሜትር ደርሶ የሚተኛ ቡቃያ ምን ጎድሎት ነው? መብራቱ ጣሪያ ላይ ያለ ባለ 9 ዋት ኤልኢዲ ነው፣ በቀን 16 ሰዓት ይበራል። ኢንተርኔት ላይ የሚጻፈው ሁሉ ከ16 እስከ 18 ሰዓት ይላል።

#3 ሽቦና ብርሃን

ወንድም ዓለም፣ የጎደለው ብርሃን ነው። ሰዓቱማ ተርፏል።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። ባለ 9 ዋት ኤልኢዲ 800 ሉመን (አምፖሉ የሚያወጣው ጠቅላላ ብርሃን) ገደማ ይሰጣል። ጣሪያ ላይ፣ ከዕቃው 2 ሜትር ከምናምን ርቆ ሲሰቀል ብርሃኑ በክፍሉ ሙሉ ይበተናል፤ ቅጠሉ ላይ የሚያርፈው ከ50 ሉክስ (በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የሚያርፍ ሉመን) ብዙ አይበልጥም። ለመጽሐፍ ማንበቢያ እንኳ የሚያንስ ብርሃን ነው። ድንብላል ቅጠል ለማውጣት ከ12,000 እስከ 15,000 ሉክስ ይፈልጋል። ዓይናችን ጨለማና ብርሃንን እያመጣጠነ ስለሚያይ ያታልለናል፤ "ክፍሉ ደማቅ ነው" ማለት ለተክል ምንም ማለት አይደለም።

ሁለት ባለ 12 ዋት አምፖል በድምሩ 2,100 ሉመን አካባቢ ነው። ዙሪያውን በነጭ ነገር ተከልሎ ከ60 በመቶ በላይ የሚሆነው 35 በ25 ሴንቲ ሜትር ቦታ ላይ ካረፈ 14,000 ሉክስ ግድም ይገኛል። ለነጭ ኤልኢዲ 70 ሉክስን ተክል በሚቆጥርበት መለኪያ ወደ 1 ማይክሮሞል መቀየር ይቻላል፤ ስለዚህ በካሬ ሜትር በሰከንድ 200 ማይክሮሞል ይሆናል። በ13 ሰዓት ሲባዛ የቀኑ ድምር 9 ሞል ከምናምን ነው። ለቅጠል የሚበቃ ነው፣ የተትረፈረፈ ግን አይደለም፤ ስለዚህ መከለያውን አትተዉት። ካርቶን ውስጡን ነጭ ቀለም መቀባት ወይም ነጭ ወረቀት መለጠፍ ይበቃል። ካርቶኑ አምፖሉን እንዳይነካ የአንድ ክንድ ያህል እንኳ ባይሆን አራት ጣት ይራቅ።

በስልክ መለካት ይቻላል። የብርሃን መለኪያ መተግበሪያ ጫኑ፣ የስልኩን ፊት ወደ አምፖሉ አዙራችሁ በቅጠሉ ቁመት ልክ ያዙት፣ መሀሉንና አራቱን ማዕዘን ለኩ። የስልክ መለኪያ እንደ ባለሙያ መሣሪያ ትክክል አይደለም፤ ግን 2,000 ነው ወይስ 14,000 የሚለውን ሳይሳሳት ይለያል። ማዕዘኖቹ ላይ ከመሀሉ ከግማሽ በታች ከሆነ ዕቃውን በየ3 ቀኑ አዙሩት።

ረጅሙን ባለ 120 ሴንቲ ሜትር ቱቦ መጠቀም የምትፈልጉ፣ ባለ 18 ዋት ኤልኢዲ ቱቦ 1,800 ሉመን ገደማ ነው። ብዙ ሰው ሁለት ቱቦ ሰቅሎ 120 በ30 ሴንቲ ሜትር መደርደሪያ ያበራል፤ የሚያገኘው ከ6,500 እስከ 7,000 ሉክስ ነው፣ ቅጠሉም ገርጥቶ ይቀራል። ለዚያ ስፋት አራት ቱቦ ያስፈልጋል። 72 ዋት በ13 ሰዓት በቀን 0.94፣ በወር 28 ኪሎዋት ሰዓት ነው። የሁለቱ አምፖል ወጪ ግን በወር 9 ኪሎዋት ሰዓት ተኩል እንኳ አይሞላም። የመኖሪያ ቤት ታሪፍ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር ደረጃው ከፍ ስለሚል ከአራት ቱቦ በፊት በአንድ ጄሪካን ጀምሩ።

#4 ቅጠል በየወሩ

ሽቦና ብርሃን ከባዱን ክፍል ስለሠራልን፣ ስለ ሰዓቱ እኔ ልጨምር፤ የድንብላል ነገር የሚበላሸው እዚህ ላይ ነውና።

ድንብላል ቀን ሲረዝም ለማበብ የሚቸኩል ተክል ነው። ባሕር ዳር ላይ ረጅሙ ቀን 13 ሰዓት አይሞላም፣ አጭሩ 11 ሰዓት ተኩል አካባቢ ነው። 16 ሰዓት ብርሃን ስንሰጠው እዚህ አገር አይቶት የማያውቀውን ቀን ነው የምንሰጠው፣ እሱም "ጊዜዬ ደረሰ" ብሎ አገዳ ያወጣል። ከ16 እስከ 18 ሰዓት የሚለው ምክር ለሰላጣና ለባሲል ይሆናል። ለድንብላል ያለው መፍትሔ ብርሃኑን ማጠንከር እንጂ ሰዓቱን ማስረዘም አይደለም። ደካማ ብርሃን በ16 ሰዓት ብትሰጡት ሁለቱንም ጉዳት በአንድ ላይ ያገኛል፦ መጀመሪያ ይቀጥናል፣ ከዚያ ሳይጠነክር ያብባል።

ሌላም አለ። አበባን የሚቀሰቅሰው የቀኑ ርዝመት ነው፤ ለዚያ ደግሞ ደካማ ብርሃን ይበቃል። ዕቃው መስኮት አጠገብ ሆኖ ከንጋት ጀምሮ ቀን ካየ፣ ማታ ደግሞ እስከ 4 ሰዓት የሳሎን መብራት ከበራበት፣ አምፖሉ 13 ሰዓት ብቻ ቢበራም ለተክሉ ቀኑ 16 ሰዓት ሆኗል። ስለዚህ የአምፖሉ ሰዓት ከመስኮቱ ቀን ጋር ይግጠም፤ ማታ ሰው የሚያመሽበት ክፍል ከሆነ ደግሞ አምፖሉ ሲጠፋ ካርቶን ይደፋበት።

አንዳንዱ ሙቀት ሽሽት አምፖሉን ማታ አብርቶ ቀን ያጠፋል። ሐሳቡ መጥፎ አይደለም፣ ግን የሚሠራው ቀን ፍጹም ጨለማ በሆነ ቦታ ብቻ ነው። መስኮት ባለበት ክፍል ማታም ቀንም ብርሃን ማለት ነው።

የጣና ነፋስ፣ የተኙትን ቡቃያዎች አትንቀላቸው። አምፖሉን 15 ሴንቲ ሜትር ድረስ አውርድ፣ ግንዱ ግማሽ እስኪሸፈን ደረቅ ያለ አፈር ዙሪያውን በቀስታ ጨምርበት። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ረጃጅም ቅጠሎች ሳይሸፈኑ ይቅሩ። ከእነዚያ ሁለቱ ቀጥሎ የሚመጣውን እውነተኛ ቅጠል ካወጡ በኋላ ይቆማሉ።

#5 ማጀት ቤት

ልጆቼ፣ ስለ ዘሩ ልናገር። የቅመም ነጋዴ ጋ ያለው ድንብላል ይበቅላል፣ ነገር ግን ሁሉም አይደለም። ሦስት ነገር እዩ። አንደኛ፣ የታመሰ አይሁን፤ የታመሰ ፍሬ ጠቆር ይላል፣ በጥርስ ሲነከስ ቶሎ ይፈርሳል፣ ሽታውም ይከፈታል። ሁለተኛ፣ ብዙው ፍሬ ለሁለት የተከፈለ ወይም የተቀጠቀጠ ከሆነ በጭነት የተጎዳ ነው። ሦስተኛ፣ ነቀዝ የበላው ቀዳዳ አለው፤ ውሃ ላይ ሲጣል ይንሳፈፋል። ጥሩው ፍሬም ደረቅ ስለሆነ መጀመሪያ ሊንሳፈፍ ስለሚችል የምትጥሉት ቀዳዳ ያለውን ብቻ ነው።

ከመዝራታችሁ በፊት ሞክሩት። 20 ፍሬ ቆጥራችሁ እርጥብ ጨርቅ ውስጥ ጠቅልሉ፣ ፌስታል ውስጥ አድርጉ፣ ጥላ ቦታ አስቀምጡ፣ በየቀኑ አንዴ ገልጣችሁ አናፍሱት። በ14 ቀን ውስጥ ከ20ው ፍሬ 14ቱ ሥር ካወጡ ጥሩ ነው። ከ10 በታች ከሆነ እጥፍ አድርጋችሁ ዝሩ ወይም ሌላ ግዙ።

#6 ቅጠል በየወሩ

እትዬ፣ እግዜር ይስጥልን፤ ሙከራው ብዙ ሰው የሚዘለው ነገር ነው። አንድ ነገር ልጨምርበት፦ የገበያው ድንብላል ትውልድ በትውልድ ለፍሬው ሲመረጥ የኖረ ነው፤ ቶሎ አብቦ ቶሎ ፍሬ የሰጠው ነው ለዘር የተቀመጠው። ስለዚህ 13 ሰዓት ብርሃን ብንሰጠውም ማበቡ አይቀርም፣ ይዘገያል እንጂ። ለቅጠል ተብለው የተዳቀሉት እንደ ሳንቶና ካሊፕሶ ያሉት ዘሮች አበባቸውን በሳምንታት ያዘገያሉ። ከውጭ የሚመጣ የታሸገ ዘር ያገኘ ሰው እነዚህን ስሞች ይፈልግ። ያላገኘ በገበያው ዘር እየደጋገመ ይዝራ፤ መዓዛው ምንም አያንስም።

#7 ፎገራ ሜዳ

አፈሩን ማንም አላነሳው። በየሰፈሩ የሚቆፈረው ጥቁር ዋልካ ለዕቃ አይሆንም። ሲረጥብ ያብጥና አየር ያሳጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቅና ሥሩን ይበጥሳል። የሚከተለው ድብልቅ ለ15 ሊትር (አንድ ጄሪካን) ነው፦ 7 ሊትር በደንብ የበሰለ ኮምፖስት ወይም ዓመት ያለፈው ፍግ፣ 4 ሊትር ቀይ አፈር፣ 4 ሊትር የሩዝ ገለፈት። ኮምፖስቱ በ5 ሚሊ ሜትር ወንፊት ይነፋ።

የሩዝ ገለፈት ከወረታ የሩዝ መፈልፈያዎች በጆንያ ይገኛል፤ ለእኛ አካባቢ ከዚህ የተሻለ አፈር ማላሊያ የለም። ክብደት የለውም፣ ቶሎ አይበሰብስም፣ ውሃ አይዝም፣ አየር ያስገባል። ውስጡ የቀረ ሩዝ ካለ ግን ይበቅልባችኋል፤ አርጥባችሁ አንድ ሳምንት ክምር ውስጥ ተዉት፣ የበቀለውን አገላብጡት። የተቃጠለ ጥቁሩን ገለፈት ከመረጣችሁ አመዱ እስኪወጣ በውሃ እጠቡት፤ አመድ የአፈሩን ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ) ከፍ ያደርገዋል፣ ድንብላል ደግሞ ከ6.2 እስከ 6.8 ፒኤች ነው የሚመቸው።

ገለፈት ያጣ በወፍራም የወንዝ አሸዋ ይተካ፣ ግን ዕቃው እጥፍ እንደሚከብድ አስቦ መደርደሪያውን ያጠንክር።

#8 ሐይቅ ዳር

ፎገራ ሜዳ፣ ኮምፖስቱን ከእምቦጭ ብንሠራውስ? ከሐይቁ የተነቀለው ዳር ላይ ተከምሮ ይታያል፣ ነፃ ነው።

#9 ፎገራ ሜዳ

እህቴ፣ ለሚበላ ቅጠል አልመክረውም፤ ምክንያቱ ሁለት ነው። እምቦጭ ከውሃ ውስጥ ከባድ ብረቶችን በሥሩ የመሰብሰብ ባሕርይ አለው። የተነቀለበት ውሃ ምን እንዳለው ሳይመረመር ያንን ጥሬውን በምንበላው ቅጠል ሥር ማድረግ ትክክል አይደለም። ሁለተኛው፣ ዘሩ ለዓመታት ሳይሞት ይቆያል፣ ቁራጭ ግንዱም ውሃ ካገኘ ይቀጥላል። በጆንያ ጭኖ ከቦታ ቦታ መውሰድ ቦይና ኩሬ ውስጥ መዝራት ሊሆን ይችላል። ኮምፖስት ሲሠራ ክምሩ መሀል ለመሀል ከ55 ዲግሪ በላይ ለቀናት ካልሞቀ፣ ጫፉም ተገላብጦ ካልገባ ዘሩ አይሞትም። በትንሽ የጓሮ ክምር ያ ሙቀት አይገኝም። የሙዝና የሸንኮራ ቅጠል፣ የቡና አተላ፣ የአትክልት ልጣጭ ይበቃናል።

ከሐይቁ ተቀድቶ የመጣ ውሃም ለዚህ ተክል አይሁን። ለዛፍ ይሁን፤ ጥሬ ለሚበላ ቅጠል ግን የቧንቧ ውሃ።

#10 የጣና ነፋስ

እሺ። አምፖሉ ወርዷል፣ ስልኩ መሀል ላይ 13,000 ይላል። የሚቀረው የመብራት መጥፋት ነው። 5 ሰዓት ከጠፋ ማታ ማካካስ አለብኝ? ደግሞስ አምፖሉን በሰዓቱ የሚያበራና የሚያጠፋው የሰዓት መቆጣጠሪያ የትኛው ይሻላል?

#11 ሽቦና ብርሃን

አታካክስ። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን እንኳ ቢጠፋ ድንብላል አይሞትም፣ ዕድገቱ ትንሽ ይዘገያል እንጂ። በጠፋ ቁጥር እስከ እኩለ ሌሊት ማብራት ግን ከላይ የተባለውን ረጅም ቀን ማምጣት ነው። ጨለማ በሆነበት ቀን ውሃም አትጨምር፤ ብርሃን ሳያገኝ የረጠበ አፈር ሥር ያበሰብሳል።

ስለ መቆጣጠሪያው፦ በመንኮራኩር የሚዞረው ርካሹ ዓይነት የሚሠራው በራሱ በመብራቱ ኃይል ነው። መብራት 5 ሰዓት ሲጠፋ እሱም 5 ሰዓት ይቆማል፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ አምፖሉ በየቀኑ 5 ሰዓት ዘግይቶ ይበራል፣ ዘግይቶ ይጠፋል። መስኮት ካለ ተክሉ ጠዋት ከመስኮቱ፣ ሌሊት ከአምፖሉ እየተቀበለ ቀኑ 18 ሰዓት ይሆናል፤ ሰው ደግሞ "ሰዓቱን 13 ላይ አድርጌዋለሁ" ብሎ ይቀመጣል። ዲጂታሉ ውስጡ ትንሽ ባትሪ ስላለው ሰዓቱን ይዞ ይቆያል። የመንኮራኩሩ ብቻ ካለህ በጠፋ ቁጥር በእጅህ አስተካክል።

ስለ ደህንነት፣ ይህን አንዱንም አትዝለሉ። ሁለቱ ፖርታላምፓ በእንጨት አግዳሚ ላይ በብሎን ይታሰሩ፣ አግዳሚው ደግሞ ከፍ ዝቅ እንዲል በሰንሰለት ወይም በጠንካራ ገመድ ይሰቀል። በራሱ በኤሌክትሪክ ገመዱ አምፖል አታንጠልጥሉ። ዲቫይደሩ ወለል ላይ ወይም ከዕቃው ሥር አይሁን፣ ከዕቃው ከፍ ብሎ ግድግዳ ላይ ይመታ። ገመዱ ወደ ሶኬቱ ከመግባቱ በፊት ዝቅ ብሎ ተመልሶ ይውጣ፤ ውሃ ገመዱን ተከትሎ ቢወርድ እዚያ ዝቅታው ላይ ይንጠባጠባል እንጂ ስፒናው ውስጥ አይገባም። ውሃ ስታጠጡ ስፒናው ይነቀል። መብራት ሲመለስ ኃይሉ ከፍ ዝቅ ስለሚል የኤልኢዲ አምፖልን የሚያቃጥለው ብዙ ጊዜ ይህ ነው፤ የቮልቴጅ መከላከያ ያለው ቤት እዚያ ላይ ይሰካው።

በወር አንዴ አምፖሉን በደረቅ ጨርቅ ጥረጉት። አቧራ ብርሃን ይበላል።

#12 የተክል ጤና

ቡቃያው የሚወድቅበት ሁለተኛ ምክንያት ስላለ ልለየው፤ ሁለቱን አደባልቆ የሚያክም ብዙ ነው። በብርሃን እጥረት የወደቀ ግንዱ ረጅምና ነጭ ነው፣ ግን ጤነኛ ነው። አፈሩን ከሚነካበት ቦታ ላይ ተጨምድዶ፣ ጠቆር ብሎ፣ እንደ ክር ቀጥኖ የወደቀው ግን በሻጋታ የተመታ ነው። እሱን አፈር በመጨመር አታድኑትም። ከነዙሪያው አፈር በማንኪያ አውጡት፣ ውሃ አቁሙ፣ አየር አዘዋውሩ።

ከምንጩ መከላከሉ ይሻላል። አፈሩን እርጥብ አድርጋችሁ በትልቅ ድስት ውስጥ ወንፊት ላይ አስቀምጡ፣ ከሥሩ ውሃ አፍሉ፣ መሀሉ ከ70 እስከ 80 ዲግሪ ከደረሰ በኋላ 30 ደቂቃ በእንፋሎት ይቆይ። ከዚያ በላይ ማብሰል ጠቃሚ ተሕዋስያንንም ይገድላል፣ አፈሩም ይሸታል። የበጋ ፀሐይ እያለ የምትዘጋጁ ደግሞ እርጥብ አፈር በ10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ዘርግታችሁ በሚያሳይ ላስቲክ ከ4 እስከ 6 ሳምንት አፍኑት።

ውሃ ከሥር ይጠጣ። ሰፊ ሳፋ ውስጥ 3 ሴንቲ ሜትር ውሃ አድርጉ፣ ዕቃውን ከ20 እስከ 30 ደቂቃ አስቀምጡበት፣ አውጥታችሁ አንጠፍጥፉ። ጄሪካኑ ከከበዳችሁ በዝግታ ከላይ አጠጡ፣ ግን ቅጠሉን ሳይሆን አፈሩን። የላይኛው 2 ሴንቲ ሜትር ሲደርቅ ብቻ ነው የሚጠጣው፤ ለዚህ መጠን ዕቃ ብዙውን ጊዜ በየ3 ቀኑ ከ0.7 እስከ 1 ሊትር፣ ክረምት ላይ ከዚያ ያነሰ። ከሥሩ ሳህን ላይ ውሃ አጠራቅማችሁ አትተዉ፣ ሥር ያበሰብሳል፣ ትንኝም ይራባበታል።

አፈሩ ላይ የሚበሩ ጥቃቅን ጥቁር ዝንቦች ካያችሁ አፈሩ ሁልጊዜ እርጥብ ነው ማለት ነው። ትላቸው ለጋ ሥር ይበላል። ቢጫ ፕላስቲክ ላይ ቫዝሊን ቀብታችሁ ዕቃው አጠገብ አቁሙ፣ አፈሩንም አድርቁት። ክሽክሽ (የቅጠል ጭማቂ የሚመጥ ጥቃቅን ተባይ) ከቅጠሉ ሥር ከተገኘ በጣት ማራገፍ፣ ከዚያ በአንድ ሊትር ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና ቀላቅሎ ከቅጠሉ ሥር መርጨት፣ በነጋታው በንጹህ ውሃ ማጠብ ይበቃል። ማላታይን ወይም ሌላ የእርሻ መድኃኒት ቤት ውስጥ፣ ያውም ጥሬ በሚበላ ቅጠል ላይ፣ በምንም ምክንያት አይረጭ። ነጭ አምፖል ማታ ነፍሳት ስለሚጠራ መስኮቱ ላይ መረብ ይኑር።

#13 አረንጓዴ ሲኒ

ፍሬውን ከመዝራት በፊት ለሁለት መክፈል ግዴታ ነው? በመዳመጫ መጨፍለቅ አለበት የሚል አንብቤያለሁ።

#14 ተክል አዋቂ

ግዴታ አይደለም። ጥቅሙ ቡቃያዎቹ ተራርቀው እንዲወጡ ነው፤ ሳይከፈል የተዘራ ፍሬ ብዙ ጊዜ ሁለት ቡቃያ አንድ ጉድጓድ ላይ ያወጣል፣ እነሱም ይሻማሉ። ጉዳቱ ደግሞ በመዳመጫ የሚጫን ሰው ግማሹን ዘር ይሰብረዋል። ዘፍዝፎ ሙሉውን ዘርቶ፣ እውነተኛ ቅጠል ሲያወጣ ደካማውን በመቀስ ከአፈሩ ልክ መቁረጥ ይሻላል። አትንቀሉት፤ ሥሮቹ ስለሚተቃቀፉ የቀረውንም ያነቃንቃል። የተቆረጠው ይበላል።

#15 ማጀት ቤት

አይ ልጄ፣ እኔ እዚህ ላይ አልስማማም። የገበያው ፍሬ ቅርፊቱ ደረቅ ነው፤ በመዳፍ መሀል አሸት ሲያደርጉት ብቻ የሚለያየው ይለያይ፣ ሳይጨፈለቅ። የተለያየው ውሃ ቶሎ ይጠጣል፣ ቀን ይቀድማል። መዳመጫ ግን አይነካው፣ እዚያ ላይ ትክክል ነህ።

#16 ተክል አዋቂ

እትዬ፣ በመዳፍ ማሸቱን ተቀብያለሁ። ከአሹት በኋላ ግን መዘፍዘፉ ወደ 8 ሰዓት ይውረድ፤ የተከፈለ ዘር ረጅም ሰዓት ውሃ ውስጥ ከቆየ ይታፈናል።

ማዳበሪያን በተመለከተ፣ የፎገራ ሜዳ ድብልቅ ለመጀመሪያዎቹ 4 ሳምንታት ምንም አይፈልግም። ከመጀመሪያው ቆረጣ በኋላ የታችኞቹ ያረጁ ቅጠሎች ቢጫ ከሆኑ ናይትሮጅን አልቋል። ዩሪያ 46 በመቶ ናይትሮጅን ስለሆነ በእፍኝ የሚበተን ነገር አይደለም። አንድ ለጥ ያለ የሻይ ማንኪያ (ከ3.5 እስከ 4 ግራም) በ1 ሊትር ውሃ አሟሙ። ከዚያ ላይ 50 ሚሊ ሊትር ብቻ ወስዳችሁ ሌላ 1 ሊትር ውሃ ውስጥ ጨምሩ፤ ይህ በሊትር 80 ሚሊ ግራም ናይትሮጅን ይሆናል። በ10 ቀን አንዴ፣ በእርጥብ አፈር ላይ፣ ከመቁረጥ ቢያንስ አንድ ሳምንት ቀድሞ። ከዚህ ካበዛችሁት ቅጠሉ ይሰፋል፣ መዓዛው ይደክማል፣ ክሽክሽም ይወደዋል።

ቢጫው የጀመረው ከአዲሶቹ ቅጠሎች ከሆነና ደም ሥሩ አረንጓዴ ከቀረ፣ ዩሪያ አትጨምሩ። አፈሩ ውሃ በዝቶበታል ወይም አመድ ገብቶበታል።

#17 አረንጓዴ ሲኒ

መቼ ነው የሚቆረጠው? ከስንት ጊዜ በኋላስ ያልቃል?

#18 ቅጠል በየወሩ

ከተዘራ ከ35 እስከ 45 ቀን፣ ቁመቱ 15 ሴንቲ ሜትር ሲሞላ። የውጭዎቹን ዘንጎች ከአፈሩ 3 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብላችሁ በመቀስ ቁረጡ፣ መሀል ያለውን የሚያድግ ለጋ ጫፍ አትንኩ፣ በአንድ ጊዜ ከሲሶው በላይ አትውሰዱ። ከ10 እስከ 14 ቀን ቆይቶ ሁለተኛው ይደርሳል፣ በደንብ ከተያዘ ሦስተኛም አለ። ጠዋት አምፖሉ ከመብራቱ በፊት የተቆረጠ ቅጠል ረጋ ያለ ነው፣ ቶሎ አይጠወልግም።

አዲስ የሚወጣው ቅጠል ሰፊ መሆኑን ትቶ እንደ እንስላል ክር ክር ሲል፣ መሀሉም ላይ ቀጥ ያለ አገዳ ሲነሳ ማበቡ ተጀምሯል። አገዳውን መቀንጠስ ጥቂት ቀን ይገዛላችሁ ይሆናል፣ አያስቆመውም። ያን ጊዜ የቀረውን ሰፊ ቅጠል በሙሉ ሰብስቡ፣ ሥሩንም ነቅላችሁ እጠቡት፤ ተቀጥቅጦ ከነጭ ሽንኩርት ጋር ለቆሮሶ ዓሣ ጥብስ መቀቢያ ይሆናል፣ መዓዛው ከቅጠሉ ይበልጥ ጠንካራ ነው።

ቅጠል እንዳይቋረጥ አንድ ትልቅ ዕቃ ላይ ሁሉንም ከመዝራት ሦስት ዕቃ በየ3 ሳምንቱ መዝራት ነው። የመጀመሪያው ሲያብብ ሁለተኛው ለቆረጣ ደርሷል፣ ሦስተኛው ቡቃያ ነው። አምፖል ለመቆጠብ ከተፈለገ ገና ያልበቀለው ዕቃ ብርሃን ስለማይፈልግ ከመደርደሪያው ሥር ይቀመጥ። ያበበው ደግሞ ወደ መስኮት ይውጣ፤ ለፍሬ የሚቀር ከሆነ ነፍሳት የሚደርሱበት በረንዳ ላይ ይሻላል።

#19 የጣና ነፋስ

ሦስቱን ዕቃ በአንድ አግዳሚ ሥር ባሰልፍ ቁመታቸው ስለሚለያይ አምፖሉ ለየትኛው ይስተካከል?

#20 ሽቦና ብርሃን

ለረጅሙ አስተካክል፣ አጭሩን ከሥሩ በጡብ ከፍ አድርገው። አንድ ጡብ፣ ሲያድግ ግማሽ ጡብ፣ ከዚያ ያለ ጡብ። ሁሉም ጫፋቸው ከአምፖሉ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ላይ እስካለ ድረስ አግዳሚውን ማንቀሳቀስ አያስፈልግም። ለሁለት ዕቃ አራት፣ ለሦስት ስድስት አምፖል መሆኑን ግን አትርሳ፤ በሁለት አምፖል ሁለት ዕቃ ማካፈል ወደ 7,000 ሉክስ ይመልስሃል።